የልጅ ቀለብና የቤተሰብ ገቢ መረጃ በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ግርጌ

ጋብቻ ሲፈርስ ወይም ሳይጋቡ አብረው የኖሩ ወላጆች ሲለያዩ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከአንደኛው ወላጅ ጋር ይቀራሉ። ሌላኛው ወላጅ ለልጆቹ አስተዳደግ እንዲሰጥ የሚጠበቅበት ገንዘብ በሕግ ቋንቋ «ቀለብ» ሲባል፣ በዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ «ተቆራጭ» ወይም «የልጅ ማሳደጊያ» በመባል ይታወቃል።

ይህ ገንዘብ ከአንድ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት የሚገባ በመሆኑ ለሁለቱም ቤተሰቦች ኑሮ ወሳኝ ነው። ይሁንና የቤተሰብ ገቢን የሚለኩ ጥናቶች በአመዛኙ አንድን ቤት ለብቻው የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ በሁለት ቤት መካከል የሚተላለፈው ቀለብ በአሃዝ ጎልቶ አይወጣም። በፍርድ ቤትም ቢሆን የቀለቡ ልክ የሚወሰነው የከፋዩ ገቢ በታወቀው መጠን ነው። በመሆኑም ገቢ በማስረጃ በማይታወቅበት አካባቢ የሚኖር ሕፃን በሕግ የተረጋገጠለት መብት ወደ ገንዘብ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል።

በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የካ ክፍለ ከተማና ከበላዩ ያለው የእንጦጦ ተራራ አካባቢ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛውና እንጨት ለቅማ የምታድረው እናት ተቀራርበው የሚኖሩበት በመሆኑ ጉዳዩን ለመረዳት አመቺ ምሳሌ ነው።

የቀለብ ትርጉም

«ቀለብ» የሚለው ቃል በቀድሞው አጠቃቀም ለወታደር፣ ለቤት ሠራተኛ ወይም ለጥገኛ የሚሰፈር እህልንና ስንቅን ያመለክታል። «ቀለብ ሰፈረለት» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ የመጣ ነው። በሕጉ ግን ቃሉ ከምግብ የሰፋ ትርጉም ተሰጥቶታል።

በአዲስ አበባ በሥራ ላይ ያለው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም የወጣ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 197 ቀለብ ሰጪው ለተቀባዩ የምግብ፣ የመኖሪያ፣ የልብስና የጤና ወጪዎችን፣ እንደ ሁኔታውም የትምህርት ወጪን፣ የአካባቢውን ልማድና የተዋዋዮቹን ማኅበራዊ ሁኔታ መሠረት በማድረግ በተገቢው መንገድ እንዲሸፍን ያስገድዳል። በዚሁ መሠረት የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደንብ ልብስና የሕክምና ወጪ ከቀለብ ውጪ እንደ ልዩ ችሮታ የሚታዩ አይደሉም።

በቀለብና በትዳር ጓደኛ መካከል ያለውን ግንኙነትም ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። በበርካታ የምዕራባውያን አገሮች ሕግ ከፍቺ በኋላ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ለዓመታት የሚከፈል ተቆራጭ አለ። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበለት ስለ ባልና ሚስት መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ቀለብ እንዲሁም ስለ ንብረት አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ ወዲያውኑ ይሰጣል። ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ግን በዋናነት የሚቀጥለው የልጆች ቀለብ ነው። ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን ለሌላው ካሣ እንዲከፍል ፍትሕ የሚያስገድድ ሆኖ ሲገኝ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 84 መሠረት ሊወስን ይችላል።

የሕጉ መሠረቶች

ህዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የፀደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ ወቅትም ሆነ በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በአንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለዱ ልጆችም በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዲኖራቸው አድርጓል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 27 አባል አገሮች ቀለብ ከወላጆች እንዲገኝ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስዱ ይጠይቃል።

ከዚህ ቀደም በሥራ ላይ የነበረው የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ በመጀመሪያ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዳኝነት የሚተው ነበር። ዕድሜያቸው እስከ አምስት ዓመት የሆኑ ልጆችም ከባድ ምክንያት ከሌለ በስተቀር ከእናታቸው ጋር እንዲኖሩ ይደነግግ ነበር። የተሻሻለው ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። በአንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ ፍቺን ሲወስን ስለ ልጆቹ አጠባበቅ፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ቀለብና ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚገናኙበት ሁኔታ አብሮ ይወስናል። ይህን ሲያደርግም የባልና ሚስቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ያመዛዝናል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ የሕፃኑ ጥቅም ሌሎች የሕግ ድንጋጌዎችን በመተርጎም ረገድ ቅድሚያ ሊሰጠው እንደሚገባ አመልክቷል።

ቀለብን ያለ በቂ ምክንያት መከልከል በወንጀልም ያስጠይቃል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የፀናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 658 የቀለብ ግዴታን አለመወጣትን በቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ የሚያስቀጣ ድርጊት አድርጎታል።

የቀለብ መጠን አወሳሰን

የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 202 የቀለቡን መጠን ለመወሰን ሁለት መመዘኛዎችን አስቀምጧል። እነዚህም የቀለብ ጠያቂው ፍላጎትና የቀለብ ሰጪው አቅም ናቸው። በሕጉ ውስጥ በልጅ ቁጥር ወይም በደመወዝ መጠን የተዘጋጀ ሠንጠረዥ የለም። በመሆኑም እያንዳንዱ መዝገብ በቀረበው ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል።

ከፋዩ ተቀጣሪ በሆነ ጊዜ ማስረጃው ቀላል ነው። ፍርድ ቤቱ ከአሠሪው የደመወዝ መግለጫ ያስቀርባል፤ ውሳኔውም ቀለቡ ከደመወዙ በየወሩ ተቆርጦ ለልጁ አሳዳጊ እንዲከፈል ለአሠሪው በሚጻፍ ትእዛዝ ሊፈጸም ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም።

ለምሳሌ ያህል የወር ደመወዙ 12 ሺህ ብር የሆነ ሠራተኛ በዚህ ድንጋጌ መሠረት ሊቆረጥበት የሚችለው ከፍተኛ መጠን 4 ሺህ ብር ነው። ሁለት ልጆች ካሉት ለእያንዳንዳቸው ሊደርስ የሚችለው ቢበዛ 2 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ፍርድ ቤት ሁልጊዜ የሚወስነው መጠን አለመሆኑን መገንዘብ ይገባል።

ከፋዩ ደመወዝተኛ ባልሆነ ጊዜ ግን ጉዳዩ ይከብዳል። የግንባታ ቀን ሠራተኛ፣ የታክሲ ረዳት፣ ደላላ፣ ሸማኔ ወይም በመንገድ ዳር የሚነግድ ሰው የወር ገቢውን የሚመሰክር ወረቀት አይኖረውም። ቀለብ ጠያቂዋ እናት የሰው ምስክር፣ የንግድ ፈቃድ ወይም የቤት ኪራይ ውል ፈልጋ ማቅረብ ይኖርባታል። ይህ ካልተሳካ የሚወሰነው ገንዘብ ከእውነተኛው ገቢ በእጅጉ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩልም ከፋዩ በወቅቱ ሥራ ፈትቶ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ሊወሰንበትና ውሳኔው ሳይፈጸም ሊቀር ይችላል።

የየካና የእንጦጦ አካባቢ ገጽታ

የካ ክፍለ ከተማ በ1995 ዓ.ም በወጣው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተሻሻለ ቻርተር መሠረት ከተቋቋሙት 10 ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ከቀበና ወንዝና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ አንስቶ በመገናኛና በላምበረት በኩል እስከ ኮተቤ የሚዘልቅ ሲሆን በሰሜን በኩል ከእንጦጦ ሰንሰለታማ ተራራ ጋር ይያያዛል። በአካባቢው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የየካ ምድብ ችሎት ይገኛል።

እንጦጦ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የአፄ ምኒልክ መቀመጫ ነበር። ተራራውን የሸፈነው የባሕር ዛፍ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከውጭ መጥቶ የተተከለው የከተማዋን የማገዶና የቤት ሥራ እንጨት ፍላጎት ለማሟላት ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቅጠልና ጭራሮ ከተራራው ለቅሞ ወደ ከተማ ማውረድ የብዙ ድሃ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኖ ቆይቷል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1980ዎቹ በደገፋቸው ጥናቶች የእነዚህ ሴቶች ኑሮ ሰፊ ትኩረት አግኝቷል። በጀርባቸው የሚያወርዱት ሸክም ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ እንደሚመዝንም ተመዝግቧል።

ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ከዚህ ሥራ የምታገኘው ገቢ የዕለት ነው። ደረሰኝ የለውም፤ በዝናብና በሕመም ቀንም ይቋረጣል። የልጆቿ አባት የሚሰጠው መጠነኛ ቀለብ እንኳን በየወሩ በተወሰነ ቀን የሚደርስ ከሆነ፣ በቤቱ ውስጥ አስቀድሞ ሊታቀድበት የሚችል ብቸኛ ገቢ ይሆናል። የቤት ኪራይ የሚከፈለውና የልጆች ደብተር የሚገዛው በዚሁ ገንዘብ ነው። ከዚህ አንጻር የቀለብ ጠቀሜታ በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በመደበኛነቱም የሚለካ ነው።

በአንጻሩ በዚያው ክፍለ ከተማ ቋሚ ደመወዝ ያላቸው የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎችና ባለሀብቶች ይኖራሉ። ስለዚህ ለክፍለ ከተማው የሚወጣ አንድ አማካይ አሃዝ በተራራው ግርጌና በዋናው መንገድ ዳር ያለውን የኑሮ ልዩነት አያሳይም።

የአካባቢውን መረጃ ከዓመት ዓመት ለማነጻጸርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም ከየካና ከቦሌ ክፍለ ከተሞች ላይ ተቀንሶ ለሚ ኩራ የተባለ 11ኛ ክፍለ ከተማ ተቋቁሟል። በመሆኑም ከዚያ ዓመት በፊት «የካ» በሚል የተሰበሰበ አሃዝና ከዚያ በኋላ የተሰበሰበው አንድን መሬት የሚያመለክቱ አይደሉም። ለናሙና ጥናቶች መነሻ የሚሆነው የሕዝብና ቤት ቆጠራም ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ሲሆን፣ አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም ተራዝሟል።

የቤተሰብ ገቢ ጥናቶች ምን ይለካሉ?

በአገር አቀፍ ደረጃ የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ተካሂዷል። ተቋሙ በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በመባል ይጠራል። የ2008ቱ ጥናት ከ30 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ያካተተ ነበር።

በእነዚህ ጥናቶች መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ ከድህነት ወለል በታች የነበረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም 45 ነጥብ 5 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም ወደ 29 ነጥብ 6 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም ደግሞ ወደ 23 ነጥብ 5 በመቶ ዝቅ ብሏል። በአዲስ አበባም ይኸው መጠን በ2003 ዓ.ም ከነበረበት 28 ነጥብ 1 በመቶ በ2008 ዓ.ም ወደ 16 ነጥብ 8 በመቶ ወርዷል።

አሃዞቹን በሚገባ ለመረዳት ሁለት ነጥቦችን ማስተዋል ይጠቅማል። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ድህነት የሚለካው በገቢ ሳይሆን በፍጆታ ወጪ ነው። ሰዎች ገቢያቸውን በትክክል ለመናገር የሚቸገሩ በመሆናቸው፣ በተለይም ገቢው የዕለትና ወቅታዊ በሆነበት ሁኔታ፣ የበሉትንና የገዙትን መጠየቅ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ሆኖም እናት በቀለብ ገንዘብ የገዛችው ጤፍ በጥናቱ የሚታየው እንደ ጤፍ ነው። ገንዘቡ ከማን እንደመጣና በየወሩ ይመጣ እንደሆነ ከወጪው መለየት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ለጥናት «ቤተሰብ» የሚባለው በአንድ ላይ የሚኖሩና ከአንድ ማጀት የሚመገቡ ሰዎች ስብስብ ነው። የልጁ አባት በሌላ ቤት የሚኖር ከሆነ የዚያኛው ቤተሰብ አባል ሆኖ ይመዘገባል። በዚህም ምክንያት ልጁና ቀለብ የሚጠበቅበት አባቱ በአንድ መጠይቅ ላይ አይገናኙም።

ይህን ክፍተት በሚመለከት ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በጄኔቫ የተካሄደው 17ኛው ዓለም አቀፍ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ያሳለፈው ውሳኔ ከሌላ ቤተሰብ በመደበኛነት የሚገኝ ተቆራጭና ድጋፍ የተቀባዩ ቤተሰብ ገቢ አካል ሆኖ እንዲቆጠር ያመለክታል። የሚከፍለው ቤተሰብ በእጁ የሚቀረው ገቢ ሲሰላ ደግሞ የከፈለው ገንዘብ ይቀነሳል። እንዲህ ካልተደረገ ያው ገንዘብ በሁለት ቤት ሊቆጠር ወይም ጨርሶ ሊዘለል ይችላል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ጠቃሚ ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ስለ ልጅ ማሳደጊያ ክፍያ በየጊዜው ለብቻው ጥናት ያካሂዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ክፍያ ይገባቸው ከነበሩት አሳዳጊ ወላጆች መካከል ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ የተቀበሉት 45 ነጥብ 9 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ምንም አላገኙም። ደመወዝ በባንክ በሚከፈልበትና ገቢ ለግብር በሚመዘገብበት አገር እንኳን በውሳኔና በክፍያ መካከል ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ፣ የተወሰነ ቀለብና የተከፈለ ቀለብ ተለይተው መጠየቅ እንዳለባቸው ያስገነዝባል።

የዋጋ ንረትና የቀለብ ውሳኔ

በ2003 ዓ.ም የድህነት ወለል ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 3 ሺህ 781 ብር ሆኖ ተሰልቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም ደግሞ 7 ሺህ 184 ብር ሆኗል። ይህም በወር ሲካፈል 599 ብር ገደማ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ወለሉ በብር ሲሰላ በ90 በመቶ ያህል ከፍ ብሏል። በሌላ አነጋገር በ2003 ዓ.ም 500 ብር የተወሰነለት ልጅ በ2008 ዓ.ም በዚያው ደረጃ ለመኖር 950 ብር ያህል ያስፈልገው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የዋጋ ጭማሪው ይበልጥ ፈጥኗል። በ2014 ዓ.ም የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ግሽበት 30 በመቶ በሚሆንበት ጊዜ በዓመቱ መጀመሪያ የተወሰነ 1 ሺህ ብር በዓመቱ መጨረሻ የሚገዛው ቀድሞ በ770 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ነው።

የቤተሰብ ሕጉ ለዚህ መፍትሔ አስቀምጧል። በአንቀጽ 203 መሠረት ሁኔታዎች ሲለወጡ ከሁለቱ ወገኖች አንዳቸው በሚያቀርቡት ማመልከቻ የቀለቡ መጠን በማንኛውም ጊዜ ሊሻሻል ይችላል። ድንጋጌው ለከፋዩም ያገለግላል፤ ሥራውን ያጣ ወይም በሕመም ገቢው የቀነሰ ወላጅ ክፍያውን በራሱ ከማቋረጥ ይልቅ እንዲሻሻልለት ማመልከት ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ማሻሻያው በራሱ ጊዜ የሚመጣ ሳይሆን አቤቱታ የሚጠይቅ ነው። የዕለት ገቢዋን ትታ ፍርድ ቤት የምትመላለስ እናት በዚያ ቀን የምታጣው ገንዘብ አለ። በዚህም የተነሳ የቆየ ውሳኔ ሳይሻሻል ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል።

ለቀለብ ጥያቄ የሚረዱ ማስረጃዎች

ቀለብ ለመጠየቅ በቅድሚያ ወላጅነት መረጋገጥ አለበት። ልጁ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ከሆነ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት በቂ ሊሆን ይችላል። ከጋብቻ ውጪ አብረው ከኖሩ ሰዎች የተወለደ ልጅም በሕጉ ግምት አባት ይኖረዋል። ይህ በማይኖርበት ጊዜ አባትየው ልጁን በመቀበል፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጠው ውሳኔ አባትነት ሊታወቅ ይችላል። በአንቀጽ 143 ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ ሰውየው እንደ አባት ሆኖ በልጁ አስተዳደግና ትምህርት ተካፋይ መሆኑ ነው። ስለሆነም ቀደም ሲል የተላከ ገንዘብ የባንክ ደረሰኝ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ወረቀት ጠቃሚ ማስረጃ ነው።

የልደት ምዝገባ በዚህ ረገድ ከፍተኛ ሚና አለው። የ2008 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በወቅቱ ልደታቸው የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይኸው ጥናት ከአራት ቤተሰቦች አንዱ በሴት እንደሚመራም አሳይቷል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገው የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ነው።

የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌላቸው ሰዎች በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በድኃ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድላቸው ማመልከት ይችላሉ። በ1987 ዓ.ም የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ በመስጠትና የቤተሰብ ሕጉ እንዲሻሻል በመወትወት ይታወቃል። ውሳኔ ተሰጥቶ ሳይከፈል የቀረ እንደሆነም የአፈጻጸም መዝገብ በማስከፈት በከፋዩ ደመወዝ ወይም ንብረት ላይ ትእዛዝ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።

ከላይ የተጠቀሱት ሕጎችና አሃዞች በአንድነት ሲታዩ የልጅ ቀለብ መብት በሕግ ረገድ በግልጽ የተደነገገ መሆኑን፣ ዋናው ችግር ግን በማስረጃ ላይ መሆኑን ያሳያሉ። በቤተሰብ ጥናት መጠይቅ ላይ «ከአባት ወይም ከእናት የሚላክ የልጅ ቀለብ ተወስኗል ወይ? ባለፉት ወራት ስንቱ ተከፈለ?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው ቢካተቱ፣ ዳኛው የሚመዝነው አቅም፣ አስተዳደሩ የሚያቅደው ድጋፍና በእንጦጦ ግርጌ ያለችው እናት የምትጠብቀው ገንዘብ በአንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ።